የጭቃ ቤት ውስጡም ገበያ ነው
የመቱ የቡና ገንዘብ ሶፋ ከመግዛቱ በፊት ግድግዳውን ይመልከት

የቡናው ለቀማ አልቆ ገንዘብ እጅ በሚገባበት ወቅት፣ በተለይም የሠርጉ ወር ጥር ሲቃረብ፣ በጅማና በበደሌ አድርገው ወደ መቱ የሚያቀኑት የጭነት መኪኖች የሚይዙት ጭነት ይለወጣል። ወደ መሐል አገር ቡና ጭነው የወጡት አይሱዙዎች ሲመለሱ በላስቲክ የተጠቀለለ ሶፋ፣ በገመድ የተጠፈረ ቡፌ፣ የስፖንጅ ፍራሽና የምንጣፍ ጥቅል ተሸክመው ይመጣሉ። ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘው ይህ ዕቃ ከመኪናው ወርዶ የሚገባበት ቤት ግን ብዙውን ጊዜ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው በቅጡ ያልተለሰነ፣ ወለሉ አፈር፣ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ የሌለው ቤት።

ውጤቱን ለማወቅ አንድ ክረምት መጠበቅ ብቻ ይበቃል። ኢሉባቦር በኢትዮጵያ እጅግ ዝናብ ከሚጥልባቸው አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። መስከረም ሲጠባ የቺፑዱ ቡፌ እግሩ አብጦ በሩ አልዘጋ ይላል። ግድግዳው ላይ ተጠግቶ የከረመው ሶፋ ጀርባው ይሻግታል። ከወለሉ የወጣ ምስጥ የአልጋውን እግር ጀምሮታል። ባለቤቱ ዕቃው አታለለኝ ይላል፤ ዕቃ ሻጩ ደግሞ ቤቱ ነው ይላል። ሁለቱም በከፊል እውነት አላቸው። በዚህ መካከል ግን ገንዘቡ መርካቶ ቀርቷል።

ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ኪሣራ ብቻ ቢሆን ኖሮ የገበያ ገጽ ጉዳይ ባልሆነ ነበር። ነገር ግን ይህ በየዓመቱ፣ በየቤቱ የሚደጋገም የገንዘብ ፍሰት ነው። ከጫካ ቡና የተገኘ ገንዘብ ወደ መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙና ያዮ ይገባል፤ ብዙም ሳይቆይ ለአካባቢው አየር በማይስማማ ዕቃ ተለውጦ ተመልሶ ይወጣል። የከተማው አናጢ፣ ለሳኝና ቀርከሃ ሠሪ ከዚህ ገንዘብ የሚደርሳቸው ፍርፋሪው ነው። የጭቃ ቤትን ውስጥ ማደራጀት ራሱን የቻለ ገበያ መሆኑን የተገነዘበ ነጋዴ ጥቂት ነው። አለመገንዘቡ ደግሞ ዋጋ እያስከፈለ ነው።

ግድግዳው የቀበሌ፣ ቡፌው የራስ

የከተማ ሰው ገንዘቡን ከግድግዳው ይልቅ ዕቃው ላይ ማዋሉ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌዎች እጅ ገቡ። እነዚህ አብዛኛዎቹ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ኪራዩ ተቀነሰ፤ ተከራዩም ደስ አለው። ነገር ግን በዝቅተኛ ኪራይ ቤቱን የሚያድስ ቀበሌ አልተገኘም፤ የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ተከራይም አልተገኘም። ስለዚህ ቤተሰቡ ጥሪቱን ሲሄድ ይዞት ሊሄድ በሚችለው ነገር ላይ አዋለ። ግድግዳው የቀበሌ፣ ቡፌው የራስ ሆነ።

ይህ ልማድ ሕጉ ከተሻሻለም በኋላ አልለቀቀም። ዛሬ በመቱ የራሱ ካርታ ያለው ባለቤት እንኳ ቤቱን የሚያየው እንደ ተከራይ ነው። ለዚህም ደላላው የራሱን ድርሻ አበርክቷል። በኢሉባቦር ከተሞች የጭቃ ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል ይህ ነው፦ «ኦቦ፣ ቤቱን አይዩት፤ ቦታውን ይዩት። ነገ ያፈርሱታል።» መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ በሕግ ፊት የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ በገበያው ቋንቋ ግን የሚሸጠው ቦታው ነው። ቤቱ ባዶ ይታሰባል። ባንክም ለመያዣ ሲገምት ለጭቃ ቤት የሚሰጠው ዋጋ ዝቅተኛ ነው። በሁለቱም ወገን ባዶ የተባለን ነገር ማን ያሳምረዋል?

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት አለ። ቤቱ «ነገ» ይፈርሳል የሚባለው ነገ ሳይመጣ አሥርና ሃያ ዓመት ያልፋል። በእነዚያ ዓመታት በቤቱ ውስጥ ልጆች ያድጋሉ፣ ሠርግ ይደገሳል፣ ለቅሶ ይደረሳል፣ ክፍል ይከራያል። የኪራይ ገቢ የሚያስገባና የባለቤቱን ዕቃ ከዝናብ የሚጠብቅ ነገር ባዶ ሊባል አይችልም። ገበያው የሚገምተው የመፍረሻውን ቀን ብቻ ሲሆን፣ በመካከል ያለው የአገልግሎት ዘመን ከሒሳቡ ተዘሏል።

የጭቃ ግድግዳ ጠባይ

ለመሆኑ የጭቃ ቤት ውስጡ ለምን ይበላሻል? መልሱ ጭቃው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ጠባዩን ያልተረዳ ሥራ ስለሚሠራበት ነው።

የጭቃ ግድግዳ በቋሚና በማገር ላይ የተመረገ አፈርና ጭድ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ሲቦካ ይጣበቃል፤ ሳይቦካ የተመረገው ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አፈሩ ሸክላነቱ ከበዛ ይሰነጠቃል፤ አሸዋነቱ ከበዛ ይረግፋል። ነባር መራጊዎች ይህን በመዳፋቸው ጨብጠው ያውቁታል። የመጀመሪያው ምርጊት ሻካራ ሆኖ በደንብ ይደርቃል፤ ሁለተኛው ስንጥቁን ይሞላል፤ ሦስተኛው በተነፋ አፈር፣ በእበትና በአመድ ይለሰልሳል። ችግሩ በአብዛኛው ቤት ሥራው የሚቆመው በመጀመሪያው ላይ መሆኑ ነው። ቤተሰቡ ለመግባት ይቸኩላል፤ የቀረው «ቀስ እያለ ይሠራል» ይባላል። ከዚያ በፊት ግን ሶፋው ይደርሳል።

የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይስባል፤ በበጋ ይለቃል። ይህን መተንፈሻ የዘጋበት ሰው ቤቱን ይጎዳል። ገንዘብ ያገኘ ባለቤት መጀመሪያ የሚያስበው ሲሚንቶ መለሰን ወይም የዘይት ቀለም መቀባት ነው። ሲሚንቶው ደርቆ ይቀራል፤ ጭቃው ግን ከሥሩ ማበጡንና መሰብሰቡን አያቆምም። ሁለቱ ሲለያዩ ልስኑ ይነፋል፤ ሲያንኳኩት የባዶ ድምፅ ያሰማል፤ በመጨረሻም በሰፊው ተገንጥሎ ይወርዳል። ከመውረዱ በፊት ግን ከኋላው የገባው ውሃ ቋሚውን ማንም ሳያይ ያበሰብሰዋል። የዘይት ቀለምም እንዲሁ አረፋ አውጥቶ ይላጣል። በአንጻሩ ኖራ ግድግዳውን አያፍነውም፤ ዋጋውም ከዘይት ቀለም ያነሰ ነው። መስኮቱ ትንሽ በሆነ ቤት ውስጥ ነጭ ኖራ የሚሰጠው ብርሃን ደግሞ አንድ አምፖል ከመጨመር አይተናነስም።

ወለሉም የራሱ ጠባይ አለው። የአፈር ወለል ላይ በቀጥታ የሚነጠፈው የፕላስቲክ ምንጣፍ ለዓይን ይማርካል። ነገር ግን ከመሬት የሚወጣውን እርጥበት ከሥሩ ይዞ ያስቀራል፤ ለምስጥም መጠለያ ይሆናል። ቡና በየቀኑ በሚፈላበት ቤት ከምድጃው የተፈናጠረ ፍም በሳምንቱ ይበሳዋል። ከሥሩ ድንጋይ ተደልድሎ፣ በላዩ አፈርና አሸዋ በየንብርብሩ ተጠቅጥቆ የተሠራ ወለል ግን ለዓመታት ይቆያል። በሌላው ዓለም የአፈር ወለል የሚሠሩ ባለሙያዎች የመጨረሻውን ንብርብር በተፈላ የተልባ ዘይት ያጠግቡታል፤ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፤ በጨርቅም ይወለወላል። ተልባ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ዘይቱ ተገዝቶ ሒሳቡ ያዋጣ እንደሆነ በአንድ ክፍል ላይ መሞከር የሚችል ነጋዴ ከመቱ አይጠፋም።

ኮርኒሱ የተረሳው ሦስተኛ ነገር ነው። ድሮ አቡጀዲ ተሰፍቶ ከጣራው ሥር ይወጠርና ኖራ ይቀባ ነበር። ኋላ የማዳበሪያ ጆንያ ተተካ። ዛሬ ኮምፔንሳቶ የሚያስገባ አለ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ሌሊት የቀዘቀዘውን እንፋሎት በጠብታ መልሶ ሶፋው ላይ ያወርደዋል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሰው ለሰው አያሰማም። ብዙ ቤተሰብ ሶፋውን ገዝቶ ኮርኒሱን ለሚቀጥለው ዓመት ያሳድረዋል። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው።

ሐረርና መካኒሳ ምን ያስተምራሉ?

የአፈር ቤት ውስጡ ሲያምር ዋጋ እንደሚያወጣ ለማየት ወደ ሐረር መሄድ ይቻላል። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጀጎል ውስጥ ያለው የሐረሪዎች ቤት በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው። የቤቱ ዋና ዕቃ ግን ከገበያ የሚገዛ አይደለም። ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራው ባለ አምስት ደረጃ መደብ ነው። የቤቱ አባወራ፣ እንግዳውና ወጣቱ እያንዳንዳቸው የሚቀመጡበት መደብ የታወቀ ነው። መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ በአካባቢው እንደሚነገረው ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የወደቁትን ያስታውሳል። በግድግዳው ላይ ሴቶቹ የሰፉት የስፌት ዕቃና ሳህን ይሰቀላል። ምስጥ የሚበላው እግር የለውም፤ እርጥበት የሚያሳብጠው ቺፑድ የለውም። ዛሬ ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ እንግዳ እያሳደሩ ለባለቤቶቻቸው ገቢ ያስገባሉ። እንግዳው የሚከፍለው ለአልጋው ብቻ ሳይሆን ለመደቡና ለግድግዳው ጭምር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ አዲስ አበባ መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ነው። በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ቦታ የሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የኪነ ጥበብ ባለሙያዋ የመስከረም አሰግድ ሥራ ነው። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ በማንኛውም የገጠር ቀበሌ የሚታወቀው ያው ጭቃ። ልዩነቱ የመጨረሻው ምርጊት በእጅ እየተቀረጸ ጌጥ እንዲሆን መደረጉ ነው። የከተማው ሰው ጭቃ ለማየት ከፍሎ ይገባል ቢባል ከሃያ ዓመት በፊት ማንም ባላመነ ነበር። ጭቃው ያው ጭቃ ሆኖ ሳለ ዋጋውን የለወጠው እጅና ትዕግሥት ነው።

በእርግጥ የመቱ ቤት የሐረር ቤት አይደለም። የሐረሩ ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ በውስጡ መደርደሪያ ይፈለፈልለታል፤ የመቱው የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ቀጭን በመሆኑ ይህን አይችልም። የዝናቡም መጠን ሌላ ነው። መቱ ከሐረር የምትወስደው ቅርጹን ሳይሆን ሐሳቡን ነው። ይኸውም የአፈር ቤት ዕቃ ከአፈሩ ጋር አብሮ ሲታሰብ ረዥም ዕድሜ ያገኛል የሚለው ነው። በኢሉባቦር ቤቶችም መደብ አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ጓዳ የተገፋው ሶፋው ሲመጣ ነው። ከሥሩ ድንጋይ ተደልድሎ፣ በጥሩ ምርጊት ተለስኖ፣ በላዩ ትራስና ጥልፍ የተነጠፈበት መደብ ስድስት እንግዳ ያስቀምጣል። በርጩማና ረከቦት ከፊቱ ሲቀርቡለት ለቡና ሥርዓት ከማንኛውም ሶፋ ይልቅ ይስማማል፤ ቡና የምታፈላው ሴት ዝቅ ብላ የምትቀመጥ በመሆኗ እንግዳው ሽቅብ ተቀምጦ ቁልቁል አያያትም።

እንጨቱ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ አንድ ነጋዴ ተነስቶ «እሺ፣ ዕቃው እዚሁ ይሠራ፤ እንጨቱ ግን ሞልቷል» ሊል ይችላል። ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነው።

ኢሉባቦር የደን አገር ነው። የአናጢው ምርጫ ከጥንት ጀምሮ ዋንዛና ቀረሮ ነው። ዋንዛ በቀላሉ ይቆረጣል፣ ያምራል፣ በርጩማና ሳጥን ይወጣዋል። ነገር ግን ዋንዛ የቡና ጥላ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጥድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች መካከል ያስገባው ቁጥሩ እየመነመነ በመሄዱ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የያዮ የቡና ደን ጥብቅ ሥፍራ ከ167 ሺህ ሄክታር በላይ ሲሸፍን፣ የተጠበቀበትም ዋና ምክንያት የጫካ ቡና የዘር ሀብት የሚገኝበት በመሆኑ ነው። የቤት ዕቃ ገበያው ቢደራና እንጨቱ ከዚህ ደን ቢወጣ፣ ሶፋውን የሚገዛው ገንዘብ ምንጩ ራሱ ይደርቃል። የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል እንደሚባለው ነው።

ስለዚህ ለዚህ ገበያ የሚሆነው እንጨት በየጓሮው የሚተከለው ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ ነው። ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል፤ ጣውላውም መልካም ሥርጭት ያለው በመሆኑ ለአልጋ፣ ለጠረጴዛና ለመደርደሪያ ይሆናል። ነገር ግን በደንብ መድረቅ አለበት። ርጥብ ጣውላ ተሠርቶ የሚሸጥበት ልማድ የአካባቢውን አናጢ ስም ያበላሸ ነው፤ በር ሲጣመም ደንበኛው ወደ መርካቶ የሚሸሸውም ለዚህ ነው። ለአንድ ወርክሾፕ ከመጋዝ ማሽን በፊት የሚያስፈልገው ጣውላውን ለወራት ደርድሮ የሚያደርቅበት ጥላ ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ ማሰር ነው። አናጢው ይህን ካፒታል አይችልም፤ ቡናን በመጋዘን አስቀምጦ ዋጋ መጠበቅ የለመደ ነጋዴ ግን ይችለዋል። ሥራው ለእሱ እንግዳ አይደለም፤ ዕቃው ብቻ ነው የተለየው።

ቀርከሃም አለ። ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ቀድሞ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው የማሻ ደጋ ከጎሬ በስተደቡብ በመንገድ የሚደረስበት የቀርከሃ አገር ነው። የተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጠላልፎ ለኮርኒስ፣ ለክፍል መለያና ለመደርደሪያ ይሆናል። ሳይበስልና ሳይታከም የተቆረጠ ቀርከሃ ግን በወራት ውስጥ ነቀዝ ይበላዋል። ሦስት ዓመት የሞላው በበጋ ተቆርጦ፣ ውሃ ውስጥ ከርሞ ወይም ጭስ ጠጥቶ ሲደርቅ ነው ዕድሜ የሚኖረው። ይህም ሙያና ጊዜ የሚጠይቅ ነው፤ ሙያና ጊዜ ደግሞ ዋጋ የሚጨምሩ ነገሮች ናቸው።

ሒሳቡ ለምን አሁን?

የውጭ ምንዛሪው ሥርዓት ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲለወጥ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። ስፖንጁ፣ ጨርቁ፣ ቺፑዱ፣ ማጠፊያውና ቀለሙ በሙሉ ወይም በከፊል ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው የመርካቶ ሶፋ ዋጋ የሚከተለው ዶላርን ነው። አፈር፣ ጭድ፣ ኖራ፣ ግራቪሊያና ቀርከሃ ግን የሚከተሉት የአካባቢውን የጉልበት ዋጋ ነው። ከዚህ በፊት «ከአዲስ አበባ ማምጣት ይረክሳል» የሚለው አባባል እውነት ነበረ ቢባል እንኳ፣ ዛሬ ሒሳቡ እንደገና መሠራት አለበት።

በሌላ በኩል ቡናው ራሱ አስተማማኝ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በኒውዮርክ ገበያ የአረቢካ ቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ያየ ሰው፣ በ1994 ዓ.ም. ያው ፓውንድ ከ50 ሴንት በታች መውረዱን መርሳት የለበትም። ቡና ነጋዴ ደግ ዓመትና ክፉ ዓመት እንደሚፈራረቁ ያውቃል። በደጉ ዓመት የተገዛው ሶፋ በክፉው ዓመት ቢሸጥ ግማሹን አያወጣም፤ ያበጠ ከሆነ ገዢም የለው። በደጉ ዓመት የተለሰነ ግድግዳ፣ የተጠቀጠቀ ወለልና የገባ ኮርኒስ ግን በክፉው ዓመት ክፍሉን ያከራያል።

ተከራይ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው የመቱ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ሠራተኞችን ወደ ከተማው አምጥቷል። በበቾ አቅራቢያ ያለውን የሶር ፏፏቴና የያዮን ደን ለማየት የሚመጣ እንግዳም አለ። ይህ እንግዳ በአዲስ አበባ የለመደውን ዓይነት ሆቴል በመቱ ማግኘቱ ብዙም አያስደንቀውም። ንጹሕ፣ በኖራ የነጣ፣ ቀርከሃ ኮርኒስ ያለው፣ ጠዋት በዚያው ጓሮ የተለቀመ ቡና በጀበና የሚቀርብበት የጭቃ ቤት ግን ሌላ ቦታ የማያገኘው ነገር ነው።

የተቃዋሚዎች ቃል

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው የክብር ጉዳይ ነው። ሠርግ ሲደገስ የሴቷ ወገን ቤቱን ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ሶፋውና ቡፌው ላይ ነው። መደብ «የድሃ» ነው ይባላል። ይህን ልማድ ጋዜጣ አይለውጠውም። ነገር ግን ፋሽን የሚለወጠው ሀብታም ሲጀምረው መሆኑ የታወቀ ነው። በሐረር መደቡ ያልተዋረደው ባለጸጋውም እዚያው ላይ ስለተቀመጠ ነው። በመቱ ስሙ የታወቀ አንድ ቡና አቅራቢ የእንግዳ መቀበያውን በዚህ መልክ ቢያሠራ፣ ከአሥር ስብሰባ የበለጠ ይሠራል።

ሁለተኛው የድካም ጉዳይ ነው። የጭቃ ቤት በየዓመቱ መታደስ፣ ወለሉም በየጊዜው በእበት መለቅለቅ ይፈልጋል፤ ይህን የሚሠሩት ደግሞ ሴቶች ናቸው። ስለ ጭቃ ቤት ውበት የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ይዘሉታል። መልሱ ሥራውን በነጻ ከሚሠራው እጅ አውጥቶ የሚከፈልበት ሙያ ማድረግ ነው። ክረምት ሲወጣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ስንጥቅ የሚሞላ፣ ኖራ የሚቀባ፣ ኮርኒስ የሚያጠብቅ የተደራጀ ቡድን ቢኖር የሚጠራው አያጣም። በከተማው ሥራ ፈት ወጣት ሞልቷል፤ ምርጊት የሚያውቁ እናቶችም ሙያውን ሊያስተምሩና ሊከፈላቸው ይገባል።

ሦስተኛው «ሁሉም ወደ ብሎኬት እየሄደ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው። በዋና ዋና መንገዶች ዳር የከተማ አስተዳደሮች የግንባታ ደረጃ ያወጣሉ፤ አቅም ያለውም ብሎኬት ቢሠራ የሚነቅፈው የለም። ጉዳዩ ግን ነገ ስለሚሠራው ሕንጻ አይደለም። ዛሬ ከመንገድ ገባ ብሎ ሰው ስለሚኖርበት ቤት ነው። ብሎኬቱን የሚጠብቅ ቤተሰብ እስኪደርስለት ድረስ በሚያንጠባጥብ ጣራ ሥር ሶፋ መደርደር የለበትም።

ገንዘቡ በቅደም ተከተል ይውጣ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። በመጀመሪያ ውሃው። የጣራው ክፈፍ ይርዘም፤ የቤቱ ዙሪያ ይቦይ፤ የግድግዳው ሥር ድንጋይ ይልበስ። ቀጥሎ ግድግዳው ሦስቱንም ምርጊት ይጨርስና ኖራ ይቀባ። ከዚያ ወለሉና ኮርኒሱ። ዕቃው በመጨረሻ ይግባ። ሲገባም ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ እግሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም፤ የሚሰቀለው ነገር በጭቃው ላይ ሳይሆን በቋሚው ላይ ይመታ። በዚህ ቅደም ተከተል የገባ የመርካቶ ሶፋ እንኳ ዕድሜው ይረዝማል።

ለነጋዴው ደግሞ ሦስት በሮች ተከፍተዋል። የደረቀ የግራቪሊያ ጣውላ አከማችቶ ለአናጢዎች ማቅረብ አንዱ ነው። የታከመ ቀርከሃና ኖራን ከነመራጊው በአንድ ዋጋ ማቅረብ ሁለተኛው ነው። ያረጀ የጭቃ ቤት ገዝቶ፣ ውስጡን አሳምሮ፣ ለመምህርና ለእንግዳ ማከራየት ሦስተኛው ነው። አንዳቸውም የሚሊዮኖች ካፒታል አይጠይቁም። ከቡና ጋር ሲነጻጸሩ ትርፋቸው አዝጋሚ ቢሆንም የኒውዮርክን ዋጋ አይከተሉም።

ደላላውም ንግግሩን ቢያስተካክል ይበጀዋል። ቦታውን ብቻ የሚሸጥ ደላላ ኮሚሽኑ በቦታው ዋጋ ይወሰናል። የተለሰነውን ግድግዳ፣ የተጠቀጠቀውን ወለልና የሚያስገባውን ኪራይ ቆጥሮ ለገዢው ማሳየት የሚችል ግን ሁለት ነገር ይሸጣል።

የኢሉባቦር ሰው ከሩቅ ገበያ ጋር መነገድን ዛሬ አልጀመረም። ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጎሬ ቡና በበቅሎ ጋምቤላ ወርዶ በክረምት በባሮ ላይ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይጫን ነበር፤ በምላሹም ጨውና ጨርቅ ይመጣ ነበር። ጨው በአገሩ አልነበረምና ማስመጣቱ ተገቢ ነበር። ዛሬ በምላሹ እየመጣ ያለው ግን አገሩ በራሱ አፈር፣ በራሱ ዛፍና በራሱ እጅ ሊሠራው የሚችለው ነገር ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የሚቀጥለው ጥር ሳይደርስ፣ ገንዘቡ ገና እጅ ላይ ሳለ፣ ባለቤቱ ከመርካቶ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የገዛ ግድግዳውን በመዳፉ ቢዳብስ የመጀመሪያው ክፍያ የት መዋል እንዳለበት ግድግዳው ራሱ ይነግረዋል።